በአንድ ቦታ ስለሚቆሙ የንግድ መገናኛ ሳተላይቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴሌቪዥን በዲሽ የሚያይ ሰው ሁሉ የእነዚህ ሳተላይቶች ደንበኛ ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ መልሶች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፤ ሳተላይቷ ያለችበት ቦታ ላይ። ዲሹ አንዴ ተተክሎ የሚቀረው፣ ስልኩ የሚዘገየው፣ አገሮች የሚከራከሩት በዚያ ቦታ ምክንያት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳተላይቷ በእርግጥ ቆማለች?

አልቆመችም። በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች ነው። በሰዓት ሲሰላ ከ11,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቆመች የምትመስለን ምድርም ከሥሯ እኩል ስለምትዞር ነው። ሳተላይቷ አንድ ዙር ለመጨረስ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጅባታል። ምድርም በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር የሚፈጅባት ይኸው ነው። ቀናችን 24 ሰዓት የሚሞላው ምድር ፀሐይንም እየዞረች ስለሆነ ነው፤ ፀሐይን መልሳ ፊት ለፊት ለማግኘት አራት ደቂቃ ያህል ትጨምራለች።

ሁለት ነገር ግን መሟላት አለበት። ሳተላይቷ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞር አለባት። መንገዷም ልክ ከምድር ወገብ በላይ መሆን አለበት። መንገዱ ትንሽ ካዘነበለ ከታች ለሚያያት ሰው በየቀኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስትዋልል ትታያለች።

ከፍታው ለምን 35,786 ኪሎ ሜትር ሆነ?

ማንም መርጦት አይደለም፤ የስበት ሕግ የወሰነው ነው። ወደ ምድር የቀረበ ነገር ፈጥኖ ይዞራል፣ የራቀ ደግሞ ይዘገያል። በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በአንድ ሰዓት ተኩል ምድርን ይዞራታል። በ384,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለችው ጨረቃ 27 ቀን ይፈጅባታል። በሁለቱ መካከል ዙሩ ከምድር ዙር ጋር እኩል የሚሆንበት አንድ ከፍታ ብቻ አለ። ሁሉም የሚሻማው በዚህ አንድ ቀለበት ላይ ነው።

ታዲያ ለምን አትወድቅም?

እየወደቀች ነው እኮ። ስበት ያለማቋረጥ ወደ ምድር ይስባታል። ነገር ግን ወደ ጎን የምትሮጥበት ፍጥነት በወደቀች ቁጥር ምድርን ስቶ ያሳልፋታል። እዚያ ከፍታ ላይ የሚያዘገያት አየር ስለሌለ ላለመውደቅ ሞተር አያስፈልጋትም። ሞተሩ የሚያስፈልጋት ለሌላ ነገር ነው፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ሐሳቡ የማን ነው? የመጀመሪያዋስ የትኛዋ ናት?

ይህን ምሕዋር በ1920ዎቹ መጨረሻ ኸርማን ፖቶችኒክ የተባለ መሐንዲስ ገልጾት ነበር። ለመገናኛ ይጠቅማል ብሎ በዝርዝር የጻፈው እንግሊዛዊው አርተር ክላርክ ሲሆን ዘመኑ 1945 ነበር። ሦስት ጣቢያዎች በእኩል ርቀት ቢቀመጡ ዓለምን ከሞላ ጎደል ማዳረስ ይቻላል አለ። ያኔ አንድም ሳተላይት አልመጠቀም ነበር። ክላርክ ጣቢያዎቹ ላይ ሰዎች እንደሚኖሩ ነበር የገመተው።

ሥራው የተጀመረው በ1963 ነው። ሲንኮም 1 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት በየካቲት መጠቀችና ጠፋች። ሲንኮም 2 በሐምሌ ተሳካላት። በነሐሴ ወር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በዚህች ሳተላይት በኩል ከናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከአቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ጋር በስልክ ተነጋገሩ። በናይጄሪያ በኩል ሲግናሉን የተቀበለችው ሌጎስ ወደብ ላይ የቆመች መርከብ ነበረች። የዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ ገና ከጅምሩ አፍሪካን መንካቱ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ሲንኮም 2 መንገዷ ያዘነበለ ስለነበር ከምድር ሲያዩዋት ትዋልል ነበር። እውነት ቆማ የታየችው የመጀመሪያዋ ሲንኮም 3 ናት። በነሐሴ 1964 መጠቀች፤ በዚያው ዓመት የቶኪዮ ኦሊምፒክን ምስል ፓሲፊክን አሻግራ ወደ አሜሪካ አደረሰች።

እነዚህ ሁሉ የሙከራ ነበሩ። ለንግድ የመጀመሪያዋ ኢንተልሳት 1 ናት፤ ኧርሊ በርድ በሚል ስም ትታወቃለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1965 መጠቀች። ክብደቷ 35 ኪሎ እንኳን በወጉ አይሞላም። 240 የስልክ መስመር ወይም አንድ የቴሌቪዥን ቻናል ብቻ ትሸከማለች። ስልክ ከሆነ ስልክ፣ ቴሌቪዥን ከሆነ ቴሌቪዥን፤ ሁለቱን በአንዴ አትችልም። ለአንድ ዓመት ተኩል ተብላ ተሠርታ ወደ አራት ዓመት ገደማ አገለገለች። ከዚያ ጡረታ ወጣች። በ1969 ግን የአትላንቲኩ ሳተላይት ሲበላሽ መልሰው ቀሰቀሷት፤ በአፖሎ 11 ጉዞ ጊዜም ሥራ ላይ ነበረች።

አሁን መጠኑ በጣም ተለውጧል። በ2023 የመጠቀችው ጁፒተር 3 ስትነሳ 9 ቶን ገደማ ትመዝን ነበር።

ሳተላይቷ ውስጥ ምን አለ? ፕሮግራሙን የምታዘጋጀው እሷ ናት?

አይደለችም። ፕሮግራሙ የሚዘጋጀው ምድር ላይ ነው። የሳተላይቷ ሥራ ተቀብሎ መመለስ ነው። ከምድር ጣቢያ በትልቅ ዲሽ የተላከው ሲግናል ሲደርሳት በጣም ደክሟል። እሷ ትቀበለዋለች፣ ፍሪኩዌንሲውን ትቀይረዋለች፣ ታጎላዋለች፣ ወደ ምድር ትመልሰዋለች። ይህን የሚሠራው ክፍል ትራንስፖንደር ይባላል። አንዷ ሳተላይት ብዙ ትራንስፖንደሮችን ትሸከማለች፤ ባለቤቱ ኩባንያ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚያከራየውም እነሱን ነው።

ፍሪኩዌንሲው የሚቀየረው በምክንያት ነው። የሚወጣውና የሚወርደው ሲግናል አንድ ዓይነት ቢሆን የራሷ ጩኸት የራሷን ጆሮ ይደፍነዋል። ስለዚህ ኬዩ ባንድ በሚባለው ክልል ለምሳሌ በ14 ጊጋኸርዝ ገደማ ይወጣል፣ በ11 ወይም በ12 ጊጋኸርዝ ገደማ ይወርዳል።

አንድ ትራንስፖንደር የሚያሰራጨው ኃይል ብዙ ጊዜ 100 ዋት ገደማ ነው። ይህ ኃይል 36,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በአንድ አህጉር ላይ ተበትኖ፣ ቤታችን ጣሪያ ላይ ባለች ትንሽ ዲሽ ተለቅሞ ጥርት ያለ ምስል ይሆናል። ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ።

ሪሲቨር ላይ የምናስገባቸው ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

«11,900 / V / 27,500» የሚል ነገር ካያችሁ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ነው፤ በሜጋኸርዝ ይለካል። V ወይም H የሚለው ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው፤ ቨርቲካል ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሆሪዞንታል ወደ ጎን። ሁለቱ አቅጣጫዎች ስለማይደባለቁ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለት የተለያየ ነገር መላክ ይቻላል። ሦስተኛው ቁጥር ደግሞ መረጃው የሚመጣበት ፍጥነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ቻናሉ አይገባም።

ዲሹ ትንሽ ሲነካ ሲግናል የሚጠፋው ለምንድን ነው?

80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚያየው የሰማይ ክፍል ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ጠባብነት ሆን ተብሎ የተፈለገ ነው። በዚያ ቀለበት ላይ ሌሎች ሳተላይቶች ሁለትና ሦስት ዲግሪ ብቻ ርቀው ተቀምጠዋል። ዲሹ ሰፊ ቦታ ቢያይ ኖሮ የጎረቤትየው ሲግናል ይደባለቅበት ነበር። ስለዚህ ነፋስ ገፋ ካደረገው ወይም ብሎኑ ከላላ ሳተላይቷን ይስታታል።

ዲሹ የሚዞርበት አቅጣጫም ከዚሁ ይመጣል። ሳተላይቶቹ ያሉት ከምድር ወገብ በላይ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቆ ያለ ሰው ዲሹን ወደ ደቡብ ያዞራል፤ በስተደቡብ ያለው ወደ ሰሜን። ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን ቁጥር ሳተላይቷ ወደ አድማስ ዝቅ እያለች ትሄዳለች። ከ81 ዲግሪ ኬክሮስ ካለፉ በኋላ ጨርሳ አትታይም። ክላርክ «ከሞላ ጎደል» ያለው ለዚህ ነው።

ዝናብ ሲጥል ምስሉ ለምን ይቆራረጣል?

የውሃ ጠብታዎች ሞገዱን ስለሚውጡና ስለሚበትኑ ነው። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ሲ ባንድ የሚባለው 4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ዝናብን ይችላል፤ የሚፈልገው ዲሽ ግን ትልቅ ነው። ኬዩ ባንድ በትንሽ ዲሽ ይሠራል፤ በከባድ ዝናብ ግን ይቸገራል። ለኢንተርኔት የሚውለው ኬኤ ባንድ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይጎዳል። ዲሹን በጥንቃቄ ማስተካከልና ከፍ ያለ መጠን ያለው መግጠም ችግሩን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም።

ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ቀን ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚጠፋበት ጊዜስ?

ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ለተወሰኑ ቀናት ያጋጥማል። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቷ ጀርባ ትሆናለች። ፀሐይ ራሷ ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ስለምትረጭ ዲሹ በእሷ ጩኸት ይዋጣል። ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይስተካከላል፤ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ሰዓቱ አስቀድሞ ስለሚሰላ ጣቢያዎች ያውቁታል።

በዚያው ወቅት ሳተላይቷም ሌላ ችግር ይገጥማታል። እኩለ ሌሊት ገደማ የምድር ጥላ ውስጥ ትገባለች። ረዘመ ሲባል 72 ደቂቃ ያህል ያለ ፀሐይ ትቆያለች። ያኔ የምትሠራው በባትሪዋ ነው።

በሳተላይት ስልክ ሲወራ ድምፁ ለምን ይዘገያል?

ርቀቱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ቢሄድም ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጥያቄዬ ሩብ ሰከንድ፣ መልሱም ሩብ ሰከንድ፤ በድምሩ ግማሽ ሰከንድ። ለቴሌቪዥን ይህ ምንም አይደለም። ለስልክ ወሬ ያስቸግራል። ፈጣን ምላሽ ለሚፈልግ የኢንተርኔት ጨዋታ ደግሞ አይሆንም። የተሻለ መሣሪያ በመግዛት የሚቀረፍ ችግር አይደለም።

እዚያ የምትደርሰው እንዴት ነው? ቢሳሳቱስ?

ሮኬቱ ብዙ ጊዜ መንገዱን በሙሉ አይሸኛትም። በጣም በተለጠጠ ሞላላ ምሕዋር ላይ ይተዋታል፤ አንዱ ጫፍ ለምድር ቅርብ፣ ሌላው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ከዚያ በራሷ ሞተር መንገዱን ክብ ታደርገዋለች። በኬሚካል ነዳጅ ቀናት ወይም ሳምንታት ይበቃሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተር ዜኖን የተባለውን ጋዝ በጥቂት በጥቂቱ እየተፋ ስለሚገፋ ወራት ይፈጃል፤ ግን ነዳጁ በጣም ቀላል ነው። ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የንግድ ሳተላይቶች በመጋቢት 2015 አብረው መጠቁ።

ስህተትማ አለ። ከሁሉ የሚገርሙኝ ሁለት ታሪኮች ናቸው።

በ1990 ኢንተልሳት 603 ከሮኬቱ በወጉ ሳትላቀቅ ቀርታ ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ተቸነከረች። በግንቦት 1992 ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በመጀመሪያ ጉዞዋ ልትይዛት ሄደች። ለዚሁ የተሠራው መያዣ አልሠራ አለ። በመጨረሻ ሦስት ጠፈርተኞች በአንድ ላይ ወጥተው በእጃቸው ያዟት። አዲስ ሞተር ተገጠመላትና ወደ ቦታዋ ተላከች።

ሁለተኛዋ ኤሺያሳት 3 ናት። በታኅሣሥ 1997 የሮኬቱ የላይኛው ክፍል ከሸፈና የተሳሳተ ምሕዋር ላይ ቀረች። ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ጠፍታለች ብለው ከፈሉ። መሐንዲሶች ግን በተረፋት ነዳጅ ወደ ጨረቃ ሰደዷት። በ1998 በጨረቃ ስበት እየታገዘች ሁለት ጊዜ ዞራ ተመለሰች፤ የመንገዷ ዝንባሌም በጣም ተቃና። ጨረቃን ዞራ የመጣች የመጀመሪያዋ የንግድ ሳተላይት እሷ ናት።

ዕድሜዋ ለምን 15 ዓመት ገደማ ሆነ?

ብዙ ጊዜ ነዳጅ ስለሚያልቅባት ነው። መሣሪያዋ ገና ደህና ሊሆን ይችላል። ከላይ ሞተሩ ለሌላ ነገር ነው ያልነው ይህን ነው። ጨረቃና ፀሐይ መንገዷን እየጎተቱ በዓመት አንድ ዲግሪ ለሚጠጋ ያህል ያዘነብሉታል። ምድርም ፍጹም ክብ ስላልሆነች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ትገፋታለች። የፀሐይ ብርሃንም ራሱ ይገፋል። ካልተስተካከለች ከቦታዋ ትሄዳለች፤ የእኛም ዲሾች ባዶ ሰማይ ያያሉ።

ስለዚህ ከምድር ሆነው የሚቆጣጠሯት ሰዎች በየጊዜው ትንንሽ ሞተሮቿን እያስነሱ ይመልሷታል። የሚፈቀድላት ቦታ ብዙ ጊዜ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ስፋት አለው፤ እዚያ ከፍታ ላይ 74 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ተመልካቹ ምንም ሳይሰማው ዓመት እስከ ዓመት ይህ ሥራ አይቋረጥም። ስለ ሳተላይት ሲወራ ስለ ሮኬቱ ብቻ መወራቱ ያሳዝነኛል፤ ለ15 ዓመት ቦታዋ ላይ የሚያቆያት የእነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ምን ይደረጋል? መሙላት አይቻልም?

ወደ ምድር መመለስ ብዙ ነዳጅ ስለሚጠይቅ አይሞከርም። በቀረቻት የነዳጅ ጠብታ ወደ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትገፋና መሣሪያዎቿ ይዘጋሉ። ያ ቦታ መቃብር ምሕዋር ይባላል።

በየካቲት 2020 ግን አዲስ ነገር ታየ። ኤምኢቪ 1 የተባለች መንኮራኩር መቃብር ምሕዋር ላይ የነበረችውን ኢንተልሳት 901 አግኝታ ከኋላዋ ተያያዘች። ከዚያ በኋላ የመግፋቱን ሥራ ኤምኢቪ 1 ያዘች። በ2001 የመጠቀችው ሳተላይት እንደገና ሥራ ጀመረች፤ እስከ 2025 ድረስም ቀጠለች።

ከቁጥጥር ውጭ የወጣች አለች?

አለች። ጋላክሲ 15 በሚያዝያ 2010 ትእዛዝ መቀበል አቆመች። ማሰራጨቷን ግን አላቆመችም። ሲግናሏን እንደከፈተች በጎረቤቶቿ መካከል እየተንሳፈፈች አለፈች። የሌሎቹ ባለቤቶች ሲግናላቸው እንዳይረበሽ ብዙ መተባበር ነበረባቸው። በታኅሣሥ ባትሪዋ ሲያልቅ ተዘግታ እንደገና ተነሳች፤ ትእዛዝም መቀበል ጀመረች። በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰች።

የኢንተልሳት 33ኢ መጨረሻ ግን አላማረም። በ2016 የመጠቀችው ይህች ሳተላይት በጥቅምት 2024 ተሰባበረች። ቢያንስ 20 ስብርባሪ ተቆጠረ። በዝቅተኛ ምሕዋር ቢሆን አየር እያዘገየ ያወርደው ነበር። እዚያ ላይ አየር የለም፤ የተበተነው ነገር የሰው ልጅ ሊጠብቀው ለማይችለው ዘመን ይቆያል። ለሁላችንም የተሰጠን ቀለበት አንድ ብቻ ስለሆነ ይህ ነገር ያሳስበኛል።

ቦታውን ማን ነው የሚሰጠው? መግዛት ይቻላል?

ባለቤት የለውም። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ማንም አገር ጠፈርን የኔ ብሎ መያዝ እንደማይችል ይደነግጋል። የቦታና የፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምን የሚያስተባብረው መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። ኩባንያ በቀጥታ አይጠይቅም፤ በመንግሥት በኩል ነው። አገሩ ጥያቄውን ያስመዘግባል፣ ሊነኩ ከሚችሉ ጎረቤቶች ጋር ይነጋገራል፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ያውለዋል። ካላዋለው መብቱን ያጣል።

ይህ አሠራር ቀድሞ ለደረሰ ያደላል። ቀድሞ የደረሰው ደግሞ ገንዘብና ሮኬት ያለው ነበር። በ1976 ኮሎምቢያን፣ ኢኳዶርን፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ የምድር ወገብ የሚያልፍባቸው አገሮች ቦጎታ ላይ ተሰብስበው ከአናታችን በላይ ያለው ቀለበት የእኛ ነው አሉ። ዓለም አልተቀበላቸውም። ቅሬታቸው ግን መሠረት ነበረው ብዬ አምናለሁ። በኋላ ለእያንዳንዱ አገር በተወሰኑ ፍሪኩዌንሲዎች ድርሻ የሚያስቀምጥ ዕቅድ ወጣ። ትንሿ የደሴት አገር ቶንጋ ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ 16 ቦታ በመጠየቅ ትልልቆቹን አስደነገጠች። ተቃውሞ ሲበዛ ጥያቄዋን ቀነሰች፤ የተወሰኑትን ግን አገኘች።

ሳተላይቷ ምን እንደማይ ታውቃለች?

ለመቀበል ብቻ የተሠራ ዲሽ ምንም ነገር ወደ ላይ አይልክም። ስለዚህ አታውቅም። የሳተላይት ኢንተርኔት ግን ይለያል፤ እዚያ ዲሹ ይልካልም ይቀበላልም።

በሺዎች የሚቆጠሩት አዳዲስ ዝቅተኛ ሳተላይቶች ይተኳታል?

በኢንተርኔት በኩል ብዙ ገበያ ወስደዋል። ስታርሊንክ የሚሠራው 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ መዘግየቱ በጣም ትንሽ ነው። ነገር ግን እያንዳንዷ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማዩን አቋርጣ ስለምትሄድ ብዙ ሺህ ያስፈልጋሉ። አንድ ፕሮግራም ለሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ለማድረስ ግን ከምድር ገጽ ከሲሶ በላይ የምታይ አንዲት ሳተላይት አሁንም ትመረጣለች። ተመልካቹ አንድ ሚሊዮን ቢጨምር እሷ ላይ የሚጨምር ሥራ የለም።

ኩባንያዎቹም ሁለቱን ማቀላቀል ይዘዋል። ዩተልሳት በ2023 የዝቅተኛ ሳተላይቶች ባለቤት ከሆነው ዋንዌብ ጋር ተዋሃደ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ኤስኢኤስ የተባለው የሳተላይት ኩባንያ ኢንተልሳት የተባለውን ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛ። የኧርሊ በርድ ባለቤት የነበረው ድርጅት አሁን የሌላ ኩባንያ አካል ነው።